የ1965ቱ የፓርላማ ምርጫ፦ አዳማ ላይ ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ ስለ ጃንሆይ ዘመን ጨዋታ ሲነሳ ባቡሩና የወንጂ ስኳር ቀድመው ይመጣሉ። ምርጫ የሚለው ቃል ሲነሳ ግን ወጣቶቹ ግራ ይጋባሉ። "ያኔ ደግሞ ምን ምርጫ ነበር?" ይላሉ። ምርጫማ ነበር። ያውም አምስት ጊዜ ተካሂዷል። የመጨረሻው የተደረገው ዘውዱ ሊወድቅ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ነው። እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ከተማሪዎች፣ ከጎረቤቶችና ከቡና ጨዋታ የመጡ ናቸው። አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል። መሬት የተነሳበት ግን ይረዝማል፤ የዚያን ጊዜው ፓርላማ ጉዳይ ዞሮ ዞሮ መሬት ላይ ነው የሚያርፈውና። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

በንጉሡ ዘመን ምርጫ የተጀመረው መቼ ነው?

ፓርላማውና ምርጫው እኩል አልተጀመሩም። ፓርላማው የመጣው ሐምሌ 9 ቀን 1923 በወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ነው። ሁለት ምክር ቤት ነበረው። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላትን ደግሞ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ። ሕገ መንግሥቱ ራሱ፣ ሕዝቡ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንዲህ ይቆይ ይላል። "እስኪበቃ" የተባለው ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ ወሰደ።

በጥቅምት 1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። ያኔ ነው ተራው ሰው የሕግ መምሪያውን አባላት በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደለት። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 መጀመሪያ ላይ ተደረገ። ከዚያ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ቀጠለ። የእንደራሴዎቹ ዘመን አራት ዓመት ስለነበር ቀጠሮው ብዙም አልተዛባም። በታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደርጎ እንኳ የዚያው ዓመት ምርጫ አልቀረም።

የመጨረሻው ምርጫ መቼ ተካሄደ? ስንት ሰው ተመረጠ?

ከሰኔ 16 እስከ ሰኔ 30 ቀን 1965 ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው። ለ250 መቀመጫ። መራጩ ድምፅ የሚሰጠው ለሕግ መምሪያው ብቻ ነው። የሕግ መወሰኛው አባላት እስከ መጨረሻው ድረስ በንጉሠ ነገሥቱ ሲሾሙ ኖረዋል። ቁጥራቸው ከእንደራሴዎቹ ግማሽ እንዳይበልጥ፣ ዘመናቸውም ስድስት ዓመት እንዲሆን ተደንግጓል።

መምረጥ የሚችለው ማን ነበር? ሴቶችስ?

በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ፣ ሃያ አንድ ዓመት የሞላውና በምርጫ ወረዳው የሚኖር ሰው ሁሉ። ሴቶችም እንደ ወንዶቹ። ይህ በወረቀት ብቻ የቀረ መብት አልነበረም። በ1950ው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ አዲስ አበባ ላይ ተወዳድረው አሸንፈዋል። በፓርላማው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ እሳቸው ናቸው፤ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆነዋል። ከጣሊያን ጋር የተዋጉ፣ በኢጣሊያ እስር ያለፉ፣ ከነፃነት በኋላም ሴቶች ልጆችን ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ስማቸው በየትምህርት ቤታችን ከዚህ በላይ ሊነሳ ይገባል እላለሁ።

ነገር ግን መብት መኖሩና ሰው በመብቱ መጠቀሙ ይለያያል። በዚያ ጊዜ ከአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው ማንበብና መጻፍ አይችልም። ገጠር ያለ ሰው ከአውራጃው ከተማ በእግሩ የሰዓታት፣ አንዳንዱም የቀናት መንገድ ይርቃል። ሰኔ ደግሞ ገበሬ እርሻ ላይ የሚውልበት፣ ወንዝም መሙላት የሚጀምርበት ወር ነው።

መወዳደር የሚችለውስ?

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የምርጫው ዋና ሚስጥር ያለው እዚህ ነው።

ዕጩ ለመሆን ሃያ አምስት ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። በወረዳው መኖር ያስፈልጋል። ከዚህ በተጨማሪ ሕገ መንግሥቱ ዕጩው በዚያው ወረዳ ንብረት ያለው እንዲሆን ያዛል። መጠኑን የምርጫው ሕግ ይወስናል። ቃሉ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ትርጉሙን ለመረዳት ግን የዚያን ዘመን ገጠር ማሰብ ነው።

በሸዋ ብዙ ቦታ፣ በአርሲ፣ በደቡቡም አገር፣ የሚያርሰው ሰውና የመሬቱ ባለቤት አንድ አይደሉም። ጭሰኛው ያርሳል፤ ባለመሬቱ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ይወስዳል። አንዳንዱ ባለመሬት አዲስ አበባ ተቀምጦ ወኪሉን ነው የሚልከው። ጭሰኛው ሲባረር በተግባር የሚጠብቀው ሕግ የለውም። እንግዲህ ይህ ጭሰኛ መምረጥ ይችላል። መመረጥ ግን በአብዛኛው አይችልም፤ የሚያርሰው መሬት የእሱ አይደለማ። ስለዚህ ለውድድር የሚቀርቡለት ሰዎች ባለመሬቶች፣ የባላባት ልጆች፣ ነጋዴዎች፣ የቀድሞ ሹማምንት፣ እየቆየም ጥቂት አስተማሪዎች ናቸው። ከነዚህ መካከል ቅን ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም። ነበሩ። ግን ስለ ጭሰኛ ሕግ ሲመከር አዳራሹ ውስጥ ጭሰኛው ራሱ አልነበረም። እኔ ስለዚያ ፓርላማ ሳስብ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

የትኞቹ ፓርቲዎች ተወዳደሩ?

አንድም ፓርቲ አልተወዳደረም። የፖለቲካ ፓርቲ አልተፈቀደም ነበር። ሁሉም ዕጩ በግሉ፣ በራሱ ወጪ ነው የሚወዳደረው።

ይህ ብዙ ነገር ያበላሻል። ፓርቲ ከሌለ ፕሮግራም የለም። "እኛ ብንመረጥ የጭሰኛውን ሕግ እናወጣለን" ብሎ ለአገር የሚናገር ቡድን አይኖርም። ዕጩው የሚቀርበው በዘሩ፣ በሀብቱ፣ በዝናው፣ ትምህርት ቤትና መንገድ አስመጣለሁ በሚለው ቃሉ ነው። ተመርጦ አዲስ አበባ ሲገባም ብቻውን ነው። ከጎኑ የተቀመጠው እንደራሴ ነገ ከእሱ ጋር ድምፅ ይስጥ አይስጥ አያውቅም። መንግሥት ደግሞ አንድ ነው፤ ሚኒስትሮቹ አንድ ላይ ናቸው። ብቻቸውን የቆሙ 250 ሰዎች አንድ ሆኖ ከቆመ መንግሥት ጋር ሲከራከሩ ማን እንደሚረታ መገመት አይከብድም።

አዳማ ያኔ የት ነበረች?

ስሟ ናዝሬት ነበር። በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በየረርና ከረዩ አውራጃ። አዳማ የሚለው ስም በይፋ የተመለሰው በ1992 ነው። የየካቲት 1966ን የአብዮት ነገር ስትከታተሉ ደግሞ የጎረቤታችን የደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ስም ይነሳል፤ የአየር ኃይሉ ሰዎች ካመፁባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነውና።

ከተሞችን በሚመለከት ሕገ መንግሥቱ የተለየ ደንብ ነበረው። አገሪቱ በተቻለ መጠን ሁለት መቶ ሺህ ሰው በሚይዙ የምርጫ ወረዳዎች ትከፈላለች። እያንዳንዱ ወረዳ ሁለት እንደራሴ ይልካል። ከሠላሳ ሺህ ሰው በላይ ያለው ከተማ ደግሞ የራሱ አንድ እንደራሴ ይኖረዋል። ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለየሃምሳ ሺህ ሰው አንድ አንድ ይጨመርለታል። በሕጉ ከተሜው ከገጠሩ ሰው ይልቅ ለእንደራሴው የቀረበ ነው ማለት ነው።

የወንጂ ሠራተኞችስ ምን ድርሻ ነበራቸው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከወንጂና ከሸዋ ፋብሪካ ጡረተኛ ቤተሰብ የመጡ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ነው፤ ባለቤቱ ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአገሪቱ ብዙ ወዛደር በአንድ ላይ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ። ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ የመጣው ሸንኮራ ቆራጭ፣ መካኒኩ፣ ሾፌሩ፣ ጸሐፊው አንድ አካባቢ ይኖራል። ዕድሜውና ነዋሪነቱ ካሟላ መምረጥ ይችላል። ግን ከላይ ያልኩትን አስታውሱ። በኩባንያ ቤት የሚኖር፣ መሬትም ሌላ ንብረትም በወረዳው የሌለው ሠራተኛ ለመወዳደር በሩ ጠባብ ነው። ወቅት ጠብቆ የሚመጣውና የሚመለሰው ቆራጭማ የየት ነዋሪ እንደሆነ ማስረዳት ራሱ ይቸግረዋል።

ስለዚህ የወንጂ ሰው ድምፁን ያሰማው በሌላ መንገድ ነው፤ በማኅበር። እዚህ ላይ ደግሞ ፓርላማው እንዴት ይሠራ እንደነበር የሚያሳይ ነገር አለ። ሠራተኛ በማኅበር እንዲደራጅ የፈቀደው ሕግ በ1954 ማብቂያ ላይ፣ በክረምት፣ በድንጋጌ ነው የወጣው። ምክር ቤቱ ያኔ ዕረፍት ላይ ነበር። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ፓርላማው በሌለበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ማውጣት ይችላሉ። ምክር ቤቶቹ ሲመለሱ ይቀርብላቸዋል። ሁለቱም ካልጣሉት ይጸናል። ለሠራተኛው የሚጠቅመው ሕግ በባለመሬቶች አዳራሽ ውስጥ አልተወለደም ማለት ነው። አዳራሹ ኋላ ነው የደረሰበት።

በ1955 የሠራተኞቹ ማኅበራት በአገር ደረጃ አንድ ሆኑ። ከመሠረቱት መካከል የወንጂ ሠራተኞች ማኅበር ግንባር ቀደም ነው። ከየካቲት 28 ቀን 1966 ጀምሮ ለቀናት የቆየውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ የጠራውም ይኸው የተባበረ ማኅበር ነው። ከምርጫው አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ መሆኑን ልብ በሉ።

ፓርላማው ምን ሥልጣን ነበረው?

በጽሑፍ የነበረው ትንሽ አይደለም። ሕግና በጀት በሁለቱም ምክር ቤት ማለፍ አለበት። ሚኒስትር ተጠርቶ ሊጠየቅ ይችላል። በየዓመቱ ጥቅምት 23፣ የዘውድ በዓል ቀን፣ ምክር ቤቶቹ ሲከፈቱ ንጉሠ ነገሥቱ ንግግር ያደርጋሉ። ሥራው እስከ ሰኔ 1 ይቀጥላል።

ከላይ ግን ሁሉም ነገር የሚቋጠርበት አንድ እጅ ነበር። ያው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይነቀፍ ነው ይላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት እሳቸው ናቸው። ምክር ቤቶቹ ያሳለፉት ሕግ እሳቸው ካላጸደቁት ሕግ አይሆንም። ፓርላማውን መበተን ይችላሉ። በ1958 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው መርጠው እንዲያቀርቡ ተፈቀደ። ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አሁንም ተጠያቂ የሆኑት ለዘውዱ ነው። መራጩ ሕዝብ እንደራሴውን ሊለውጥ ይችላል። መንግሥትን ግን አይለውጥም። በ1953 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በሦስት ምርጫ ውስጥ አልፈው እስከ 1966 ድረስ በቦታቸው ነበሩ። እነዚያ ሦስት ምርጫዎች ወንበራቸውን አልነኩትም።

እና አጨብጫቢ ብቻ ነበር ማለት ነው?

አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፓርላማው እምቢ ማለት ይችል ነበር። አልፎ አልፎም እምቢ ብሏል። ችግሩ እምቢታው ብዙ ጊዜ የወደቀው ጭሰኛው ላይ መሆኑ ነው።

ሁለት ምሳሌ ልስጥ። በ1960 መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ ግብር አቀረበ። ከእህል አስራት ይልቅ እንደ ገቢው መጠን ይከፈል የሚል ነው። ባለመሬት የበዛበት ምክር ቤት ሕጉን አለሳልሶ ነው ያሳለፈው። ጎጃም ላይ ደግሞ ገበሬው "መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው" ብሎ አመፀ። ጦር እስከ መዝመት ተደረሰ። በመጨረሻ መንግሥት እዚያ ወደኋላ አለ።

ሁለተኛው የጭሰኛ ሕግ ነው። የካቲት 1957 ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፓርላማው ደጃፍ ድረስ ሄደው "መሬት ለአራሹ" ብለው ጮኹ። ያ መፈክር አገሪቱን ለቀጣዩ አሥር ዓመት አልለቀቃትም። በ1958 የመሬት ይዞታ ጉዳይ የሚመለከት ሚኒስቴር ተቋቋመ። የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት የሚደነግግ ረቂቅ ተዘጋጀ። መሬት ይከፋፈል የሚል አልነበረም። የጭሰኛው ኪራይ ልክ ይኑረው፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ እንዲሁ ተነስቶ አይባረር የሚል መጠነኛ ረቂቅ ነበር። ይህም ደጋግሞ ቀረበ፤ ደጋግሞ ተንከባለለ። አንድ ጊዜ ኮሚቴ ይያዘው ይባላል፤ ሌላ ጊዜ የሥራው ዘመን ያልቃል። ዘውዱ እስከወደቀበት ቀን ድረስ ሕግ አልሆነም።

ያ ረቂቅ በጊዜው ቢያልፍ ኖሮ የተከተለው ሁሉ ይቀር ነበር ማለት አልችልም። ግን የአገሪቱን ትልቁን ጥያቄ በሕግ ለመፍታት የተሰጠ ዕድል ነበር። እንደራሴዎቹ በእጃቸው የነበረውን አንድ እውነተኛ ሥልጣን፣ ማዘግየትን፣ የተጠቀሙበት ለዚህ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ምርጫው ሲካሄድ አገሪቱ በምን ሁኔታ ላይ ነበረች?

ላይ ላዩን ጸጥ ያለች ትመስላለች። ምርጫው ሊደረግ አንድ ወር ሲቀረው፣ በግንቦት 1965፣ አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን አሥረኛ ዓመት አከበረች። መሪዎች መጡ፤ ሰንደቅ ዓላማ ተውለበለበ።

ከስር ግን ሦስት ነገር ይንተከተካል። ወሎ ላይ ረሃብ ገብቷል። በረሃቡ የሞተው ሰው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። መንግሥት ግን ነገሩን ለመሸፈን ነው የሞከረው። በምርጫው ሰሞን የወሎ ጉዳይ የአገር መነጋገሪያ ሆኖ አልቀረበም። ሁለተኛው የዙፋኑ ወራሽ ጉዳይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰማንያ አንድ ዓመት ሊሞላቸው ሳምንታት ቀርተዋቸዋል። አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ደግሞ በዚያው ዓመት በጥር በጠና ታመው ለሕክምና ወደ ውጭ ተወስደዋል። ከጃንሆይ በኋላ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ጮክ ተብሎ አይጠየቅም። ሦስተኛው ኤርትራ ነው። ፌዴሬሽኑ በ1955 ከፈረሰ ወዲህ ጦርነቱ አልበረደም።

ከነዚህ በአንዱም ላይ መራጩ ድምፅ እንዲሰጥ አልተጠየቀም። የምርጫ ካርዱ ላይ የነበረው የሰው ስም እንጂ ጉዳይ አልነበረም።

የተመረጡት እንደራሴዎች ምን ሠሩ?

ጥቅምት 23 ቀን 1966 ሥራ ጀመሩ ማለት ነው። ከዚያ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ነገሩ ተገለባበጠ። ጥር 4 ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሮች አመፁ። የካቲት 11 አዲስ አበባ ላይ ባለታክሲዎችና አስተማሪዎች ሥራ አቆሙ። ባለታክሲው በነዳጅ ዋጋ ተማሮ፣ አስተማሪው በደመወዙና ሊመጣ በነበረው የትምህርት ለውጥ። የካቲት 20 የአክሊሉ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የካቲት 26 ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻልና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለፓርላማው ተጠያቂ እንዲሆን አዘዙ።

ያን ጊዜ ምክር ቤቱ ምላሱ ተፈታ። ትናንት የማይደፈሩ ባለሥልጣኖች በስም እየተጠሩ ተወቀሱ። የወሎ ረሃብ በግልጽ ተነሳ። የቀድሞ ሹማምንትን ጥፋት የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሆኑ።

ነገር ግን ምክር ቤቱ አንድ ቃል አልነበረም። በሰኔ የተወሰኑ እንደራሴዎች፣ ወታደሩ ያሰራቸው የቀድሞ ሹማምንት እንዲፈቱ ለመጠየቅ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ሄዱ። ወታደሮቹ ይህን አሮጌው ሥርዓት ሊመለስ ነው ብለው ነው የተረጎሙት። ሰኔ 21 ቀን 1966 በኋላ ደርግ የተባለው ኮሚቴ በዚያው ክፍለ ጦር ተሰበሰበ። ልክ በዓመቱ ማለት ነው፤ ሰኔ 1965 ላይ መራጭ ተሰልፎ ነበር፣ ሰኔ 1966 ላይ ወታደር ተወካዮቹን መርጦ ላከ።

ፓርላማው እንዴት አበቃ?

ሐምሌ 15 ልጅ እንዳልካቸው ተነስተው ልጅ ሚካኤል እምሩ ተተኩ። በነሐሴ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ተጠናቀቀ። ንጉሡ የአገር ምልክት ይሆናሉ፤ ሥልጣኑ ወደ ተመረጠው ምክር ቤት ይሄዳል የሚል ነበር። ግን ወቅቱ አልፏል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በዚያው ቀን በወጣው አዋጅ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች ተዘጉ። አዋጁ ሕዝቡ እውነተኛ ተወካዮቹን እስኪመርጥ ድረስ ይላል። ኅዳር 14 ሌሊት ደግሞ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ያሉበት የባለሥልጣኖች ስብስብ ያለ ፍርድ ተረሸነ። የተቋቋመው ኮሚሽን ምርመራውን አልጨረሰም ነበር። በምርመራና በፍርድ ሊታይ የሚገባው በጥይት ተቋጨ። ይህን ስጽፍ አሁንም ልቤ ይከብደዋል፤ ምንም ጥፋት ቢኖርባቸው።

የመሬቱ ጥያቄስ? ፓርላማው ለዓመታት ያንከባለለውን ደርግ በአንድ አዋጅ ጨረሰው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። አዳማ ላይም ብዙ ቤተሰብ የቤቱን ታሪክ ሲተርክ "ከአዋጁ በፊት"፣ "ከአዋጁ በኋላ" የሚለው ከዚህ ነው።

ቀጣዩ ምርጫ መቼ ተደረገ?

ሰኔ 7 ቀን 1979፣ ለብሔራዊ ሸንጎ፣ በአንድ ፓርቲ ሥር። ከ1965ቱ አሥራ አራት ዓመት በኋላ። በ1965 ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶት ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠ ወጣት ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰለፍ ሠላሳ አምስት ሞልቶታል።

የንብረቱ መስፈርት ባይኖር፣ ፓርቲም ቢፈቀድ ኖሮ ዘውዱ ይተርፍ ነበር?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ቡናው ሦስተኛ ይደርሳል። የኔን አስተያየት ልንገራችሁ። ዘውዱ ይተርፍ እንደሆነ ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም። ግን አንድ ነገር በግልጽ ይታየኛል። በየካቲት 1966 ሰው ቁጣውን ይዞ የሄደው ወደ አደባባይና ወደ ጦር ሰፈር ነው። የወንጂው ሠራተኛ ወደ ማኅበሩ፣ ተማሪው ወደ ጎዳና፣ ወታደሩ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ። ከስምንት ወር በፊት የመረጠውን እንደራሴ "አንተ ምን ትላለህ?" ብሎ የጠየቀው ጥቂት ነው። እንደራሴው ምንም ማድረግ እንደማይችል አውቆታል። ሰው ድምፁን ሰጥቶ፣ ድምፁ የሚደርስበት ቦታ ከሌለ፣ ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

በዚያ ምርጫ የመረጡ ሰዎች ዛሬ አሉ? መረጃ የት አገኛለሁ?

አሉ። ያኔ ሃያ አንድ የሞላው ሰው ዛሬ ሰባ ሦስትና ከዚያ በላይ ነው። አዳማ ውስጥ ፖስታ ቤት አካባቢም፣ ወንጂ ጡረተኞች መንደርም ታገኟቸዋላችሁ። ስትጠይቁ "ፓርላማው እንዴት ነበር?" አትበሉ፤ መልሱ አጭር ይሆንባችኋል። "ያኔ የት ነበር የሚኖሩት? የሚያርሱት መሬት የማን ነበር? የመረጡት ሰው ተመልሶ አገሩን አየ?" ብላችሁ ጀምሩ። አባባንም እማማንም ለየብቻ ጠይቁ። ባል የመረጠውን ሚስት መርጣ እንደሆነ ከእሷ አፍ መስማቱ ይሻላል። ከፈቀዱላችሁ በስልክ ቅዱት፤ ቀኑንም ጻፉበት።

ለጽሑፍ ማስረጃ ወደ አዲስ አበባ መውጣት ግድ ነው። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ዋናዎቹ ናቸው። የ1965 እና የ1966 አዲስ ዘመን ጋዜጣን ጠይቁ፤ አዋጆቹን ከፈለጋችሁ ነጋሪት ጋዜጣን። ስትፈልጉ "አዳማ" በሚለው ብቻ አትፈልጉ፤ "ናዝሬት" እና "የረርና ከረዩ አውራጃ" በሉ። ለምርጫው ውጤት ከሐምሌ 1965 እትሞች ጀምሩ።